ከ«ወይም» ወደ «ነው»፦ በአዊ ሰማይ የሚያልፈውን ማን ይቆጥረዋል?

ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ጎረቤት ኬንያ ውስጥ፣ ማኩዌኒ በተባለው ካውንቲ ሙኩኩ የምትባል መንደር ላይ አንድ ነገር ከሰማይ ወረደ። የኬንያ ስፔስ ኤጀንሲ ሰዎች ቦታው ደርሰው ሲያዩት 2.5 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ 500 ኪሎ ግራም አካባቢ የሚመዝን የብረት ቀለበት ነው። ሰው አልተጎዳም። ግን እርሻ ውስጥ፣ ሰው በሚኖርበት መንደር ነው የወደቀው።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ በጥር መጀመሪያ፣ በእኛው በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እያበሩ የሚጓዙ ነገሮች ታዩ። ቪዲዮው ወዲያው ከስልክ ወደ ስልክ ተዳረሰ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም ነገሩ የጠፈር ስብርባሪ ወይም ተወርዋሪ ዐለት ሊሆን እንደሚችል ገለጸ።

ልብ በሉ፤ «ወይም» ነው ያለው። ሶሳይቲውን ለመውቀስ አይደለም። በስልክ ከተቀረጸ ቪዲዮ ተነስቶ ከዚያ በላይ መናገር ለማንም ይከብዳል፤ እንዲያውም የማያውቁትን «ነው» ከማለት «ወይም» ማለት የባለሙያ ጨዋነት ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ «ወይም» የምትለዋን ቃል አውጥተን «ነው» ለማለት ምን ይጎድለናል? መልሱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ሮኬት አይደለም። ሰማዩን በሰዓት እየቆጠረ የሚያነሳ ካሜራና ፎቶውን የሚያነብ ሰው ነው።

ለአዊ ምን አገባው?

«እንጅባራና ዳንግላ ያለ ሰው ስለ ጠፈር ቆሻሻ ምን አሳሰበው?» የሚል ይኖራል። ያሳስበዋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በዘለቀው ግጭት የድሮን ጥቃት ሰው ገድሏል። በዚህ ምክንያት ማታ ማታ ሰማይ ላይ የሚንቀሳቀስ መብራት ማየት እንደ ድሮው ልጆችን የሚያስቦርቅ ነገር አይደለም። እናት ልጇን ወደ ቤት የምታስገባበት ምልክት ሆኗል።

ከተመሠቱ ሳይቆይ እንደ ዶቃ ተሰድረው የሚያልፉ መብራቶች አይታችሁ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ በአንድ ሮኬት አብረው የተላኩ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው። ድምፅ የላቸውም፤ በሰውም ላይ የሚያደርሱት ነገር የለም። ግን ይህን በጊዜው የሚነግር ሰው ከሌለ ወሬው ክፍተቱን ይሞላል። አንዱ ድሮን ነው ይላል፣ ሌላው የመዓት ምልክት ነው ይላል፣ ሦስተኛው ቪዲዮውን ቆርጦ፣ ሙዚቃ ጨምሮ፣ ላይክ ይሰበስብበታል። ሰማዩን ማወቅ የቅንጦት ሳይንስ ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። በማይመለከተን ነገር ላለመደንገጥ፣ በሚመለከተን ነገር ደግሞ ላለመዘናጋት ነው።

ላይ ያለው ምን ያህል ነው?

የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመሬት ዙሪያ እየተከታተልናቸው ያሉ ነገሮች 40,000 ገደማ ናቸው። ከእነዚህ በሥራ ላይ ያሉት ሳተላይቶች 11,000 አካባቢ ናቸው። የቀረው የሞተ ሳተላይት፣ ባዶ የሮኬት አካል፣ የተበተነ ቁርጥራጭ ነው። ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆኑት ደግሞ፣ አብዛኞቹ የማይታዩ ቢሆኑም፣ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል።

«1 ሳንቲ ሜትር ምን ታመጣለች?» እንዳትሉ። በቅርብ ምህዋር ያለ ነገር በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። በዚህ ፍጥነት ከእንጅባራ ዳንግላ ለመድረስ 5 ሰከንድ ይበቃል። ሁለት ነገሮች በተለያየ አቅጣጫ ሲገናኙ ደግሞ ፍጥነቱ ከዚያም ይብሳል፤ ያኔ ትንሿ ብሎን ሳተላይትን የምታጠፋ ጥይት ትሆናለች።

ይህ ደግሞ ሆኖ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቻይና ፌንግዩን 1ሲ የተባለውን የራሷን አሮጌ ሳተላይት በሚሳይል መትታ ከ3,000 በላይ ሊቆጠር የሚችል ስብርባሪ በተነች። በ2009 የአሜሪካው ኢሪዲየም 33 እና የሩሲያው ኮስሞስ 2251 ሳተላይቶች ተጋጭተው ከ2,000 በላይ ቁራጭ ሆኑ። በ2021 ሩሲያ ኮስሞስ 1408ን መትታ ከ1,500 በላይ ጨመረችበት። አንዱ ስብርባሪ ሌላውን እየመታ፣ እርሱም ሌላውን እያበዛ ሊሄድ እንደሚችል ዶናልድ ኬስለርና ቡርተን ኩር-ፓሌ የተባሉ የናሳ ተመራማሪዎች ገና በ1978 አስጠንቅቀው ነበር።

ፎቶ ላይ እንዴት ይገኛል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ሰማዩን በሰፊው የሚቃኙት ኮከቦችን፣ ጋላክሲዎችንና አስትሮይዶችን ፍለጋ ነው። መሬት ስለምትዞር ቴሌስኮፑም ኮከቦቹን እየተከተለ በቀስታ ይዞራል። የካሜራው ዐይን ለምሳሌ ለ30 ሰከንድ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ኮከቡ ባለበት ስለሚቆይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ሳተላይትና ስብርባሪ ግን በኮከቦቹ መካከል ስለሚንቀሳቀሱ ፎቶው ላይ ጭረት ጥለው ያልፋሉ።

ጭረቷ ብዙ ትናገራለች። በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያሉት፣ ከመሬት ጋር እኩል የሚዞሩት የቴሌቪዥንና የመገናኛ ሳተላይቶች በ30 ሰከንድ ውስጥ የሚጥሉት ጭረት የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ ያህላል። በ500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ግን ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆት ይሄዳል። ብርሃኗ ጠንከርና ደከም እያለ ከቀጠለ ነገሩ እየተገላበጠ ነው ማለት ነው፤ እየተገላበጠ ያለ ሳተላይት ደግሞ ብዙውን ጊዜ መቆጣጠሪያ የለውም። ብልጭ ድርግም የሚሉ ቀይና አረንጓዴ መብራቶች ካሉበት አውሮፕላን ነው።

ሥራው በቅደም ተከተል ሲነገር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሶፍትዌሩ የሚታወቁትን ኮከቦች ከፎቶው ላይ ያነሳል። ቀጥሎ በቀረው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል። ዐይን የማያያትን ደብዛዛ ጭረት ለማግኘት በሁሉም አቅጣጫ በመስመሩ ላይ ያለውን ብርሃን እየደመረ ያያል፤ አንዷ ነጥብ ብቻዋን ደካማ ብትሆንም መቶ ነጥብ በአንድ መስመር ሲደመር ጎልቶ ይወጣል። አሁን አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ለዚህ ሥራ እየሠለጠነ ነው። ከዚያ የጭረቷ ሁለት ጫፎች ያሉበት ቦታ በአቅራቢያዋ ባሉ ኮከቦች ይለካል። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር የ1.8 ቢሊዮን ኮከቦችን ቦታ መዝግባ ለዓለም በነጻ ስለሰጠች መለኪያው ለሁሉም ክፍት ነው።

ከባዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ፎቶ ላይ አንድ ጭረት አግኝተናል። በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ያለችው ጭረት የዚያው ነገር ናት ወይስ የሌላ? ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። መቶዎች ፈረስ በአንድ ሜዳ አቧራ እያስነሱ ሲጋልቡ፣ በአቧራው መሐል ብቅ ያለ አንድ ጭራ የማን ፈረስ እንደሆነ አይነግርም። አካሄዱን፣ አቅጣጫውን፣ ፍጥነቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያየ ግን «ያ የእገሌ ነው» ይላል። የስብርባሪ ክትትልም እንደዚሁ ነው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ምልከታ ተያይዞ ምህዋሩ ይሰላል። ምህዋሩ ከታወቀ ነገ በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። በመዝገብ ላይ ካለ ስሙ ይወጣል፤ ከሌለ አዲስ ተገኘ ማለት ነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። የአንድ ሰከንድ ስህተት 7.5 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ከቴሌስኮፑ መስታወት እኩል፣ ከጂፒኤስ ጋር የተገናኘ ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋል።

የሚጣለው ፎቶ

የሚገርመው ነገር ይኸውላችሁ። ለብዙ ተመራማሪዎች ጭረት ማለት የተበላሸ ፎቶ ነው። ጠርገው ነው የሚጥሉት። በካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ላይ ያለው የዝዊኪ ቅኝት ፎቶዎች ሲመረመሩ ከኅዳር 2019 እስከ መስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 5,301 የስታርሊንክ ጭረቶች ተገኝተዋል። በምሽትና በንጋት ጎሕ ከሚነሱት ፎቶዎች ጭረት ያለባቸው በ2019 መጨረሻ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በነሐሴ 2021 ግን ከመቶ 18 ደረሱ። ከመሬት በላይ ያለው የሀብል ቴሌስኮፕም አላመለጠም፤ ከ2002 እስከ 2021 ካነሳቸው በተመረመሩት ፎቶዎች ከመቶ 2.7 ያህሉ ላይ የሳተላይት ጭረት አለ።

ለአንዱ ቆሻሻ የሆነው ለሌላው መረጃ ነው። የእንግሊዙ ዋሪክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ላ ፓልማ ደሴት ላይ ባለው 2.54 ሜትር ቴሌስኮፕ ሩቁን ምህዋር ሆን ብሎ ለስብርባሪ ብቻ ቃኘ። ውጤቱን በ2020 ሲያወጣ፣ ካገኟቸው ደብዛዛ ስብርባሪዎች ከመቶ 75 በላይ የሚሆኑት በየትኛውም ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ አልነበሩም። ከአራቱ ሦስቱ ማለት ነው! ቴሌቪዥናችንን፣ የባንክ ኔትወርኩን፣ የአየር ትንበያውን በሚሸከሙት ሳተላይቶች ሰፈር ውስጥ ማንም ያልመዘገባቸው ነገሮች ይዞራሉ።

መዝገብ አለመኖሩ የሚያሳስተው እኛን ብቻም አይደለም። ኬንያ ላይ ቀለበቱ በወደቀ በዚያው ሳምንት፣ የአስትሮይዶችን መዝገብ የሚይዘው ዓለም አቀፍ ማዕከል 2018 ሲኤን41 ብሎ አንድ አዲስ አስትሮይድ አስታወቀ። በማግስቱ ሰረዘው። ለካ ኤሎን ማስክ በ2018 ወደ ጠፈር የላካት የቴስላ መኪና ናት! በ2020 ደግሞ ሐዋይ ያለው ፓንስታርስ ቅኝት 2020 ኤስኦ የተባለ ነገር አገኘ። ሲጣራ በ1966 ሰርቬየር 2ን ወደ ጨረቃ ያስወነጨፈው ሮኬት የላይኛው ክፍል ሆነ፤ ከ54 ዓመት በኋላ ወደ መሬት ሰፈር ተመልሶ ነው። ያም ሆኖ ልዩነቱን አስተውሉ። እነርሱ ሲሳሳቱ በአንድ ቀን አረሙ። ፎቶ፣ ሰዓትና ቦታ ስለነበራቸው «ወይም»ን ወደ «ነው» ቀየሩት።

እኛስ ምን አለን?

ከባዶ አንነሳም። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ሳተላይታችን ከቻይና ተወነጨፈች። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሁለተኛዋና ትንሿ ኢቲ ስማርት ተከተለች። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሚባል የመንግሥት ተቋምም አለ።

ሳተላይት ማስወንጨፍ ግን ግዴታም ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያዋ ስትላክ እንድታገለግል የታቀደው ለሁለት ዓመት ነበር። የተላከችበት ከፍታ 630 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ከፍታ ያለ ነገር ሥራ ቢያቆምም አየሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ አይወርድም፤ ለዓመታት፣ እንዲያውም ለአሥርት ዓመታት ሊዞር ይችላል። ሌላው የጣለውን ቆሻሻ ስንቆጥር የእኛውም እዚያው ሰልፍ ውስጥ እንዳለ አንርሳ። ባንዲራ ያለው ሳተላይት ሥራው ሲያልቅም ባንዲራው አብሮት ይዞራል።

አቀማመጣችንም ተፈጥሮ የሰጠን ጥቅም አለው። ከመሬት ጋር እኩል የሚዞሩት ሳተላይቶች ያሉት ከምድር ወገብ በላይ ነው። አውሮፓ ያለ ተመልካች በአድማሱ በኩል አጎንብሶ፣ በወፍራም አየር ውስጥ አሻግሮ ያያቸዋል። እንጅባራ የቆመ ሰው ግን ከራሱ በላይ ወደ ደቡብ 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ቢል መስመሩ እዚያው ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ቴሌስኮፖች ደግሞ በዚህ የአፍሪካ ክፍል ጥቂት ናቸው። ከምዕራብ ካናሪ ደሴቶች፣ ከደቡብ ደቡብ አፍሪካ ይጠብቃሉ፤ በመካከል ያለው ሰፊ ሰማይ ግን ተመልካች ያንሰዋል።

እውነቱን ለመናገር እንቅፋቱም ቀላል አይደለም። እንጦጦን የአዲስ አበባ መብራት እያጠበበው ነው፤ ለትልቅ ቴሌስኮፕ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የተጠኑትም ለዚህ ነው። አዊ ደግሞ ዝናባማ አገር ነው። ክረምቱን ሙሉ ሰማዩ የሚታይበት ሌሊት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሥራው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው የበጋ ወራት ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ እኛ ያለነው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ፣ በቅርብ ምህዋር ያሉት ነገሮች በውድቅት በመሬት ጥላ ውስጥ ይገባሉ። የሚታዩት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢና ከንጋቱ በፊት ባለችው ተመሳሳይ ጊዜ ነው። ስለዚህ «እንጅባራ ላይ ትልቅ ኦብዘርቫቶሪ ይገንባ» አንልም። ሲሚንቶና ሪባን ለመቁረጥ ሳይሆን ለሥራ የሚሆን ሐሳብ ነው የሚያስፈልገው።

ሁለት ካሜራ፣ ሁለት ከተማ

እስቲ በቀላሉ እናስላው። እንጅባራና ዳንግላ በቀጥታ መስመር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በሁለቱም ከተሞች ጣሪያ ላይ ሰፊ ሌንስ ያለው አንድ አንድ ካሜራና ትክክለኛ ሰዓት ቢቀመጥ፣ አንድ መብራት በአንድ ቅጽበት ከሁለቱም ቢነሳ፣ በኮከቦቹ መካከል የሚታይበት ቦታ ይለያያል። ልዩነቱም ከፍታውን ይናገራል።

ነገሩ ከሁለቱ ከተሞች በላይ በ500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለ ሳተላይት ወይም ስብርባሪ ከሆነ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ያህል ነው፤ ስምንት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር ማለት ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ላይ የሚነድ ተወርዋሪ ዐለት ወይም ወደ መሬት እየወረደ ያለ ስብርባሪ ከሆነ 20 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት ደግሞ ፍጥነት ይለየዋል፤ ተወርዋሪ ዐለት ቢያንስ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ይገባል፣ ከምህዋር የሚወርድ ስብርባሪ ግን ከ8 አያልፍም። ተወርዋሪው በአንድ ሁለት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ስብርባሪው እየተቆራረጠ፣ ቁርጥራጮቹን አስከትሎ፣ ለግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊታይ ይችላል። ዝቅ ብሎ የሚበር ድሮን ደግሞ እንጅባራ ላይ ቢታይ ዳንግላ ላይ አይታይም።

አያችሁ? ያቺ «ወይም» በሁለት ካሜራና በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትሪጎኖሜትሪ ትፈታለች። የሚከብደው ሒሳቡ አይደለም። በየማታው ማስነሳት፣ መመዝገብ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ማዘጋጀት፣ አንድ ዓመት ሳይሰለቹ መቀጠል ነው የሚከብደው። ብዙ ፕሮጀክት የሚሞተው እዚህ ላይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ካሜራ እስኪገኝም ቁጭ ማለት የለብንም። የዝዊኪ ቅኝት ፎቶዎች ተራ በተራ ለሕዝብ ይለቀቃሉ። ቺሊ ውስጥ ያለው አዲሱ የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ፎቶዎቹን አሳይቷል፤ 8.4 ሜትር መስታወትና 3,200 ሜጋፒክሰል ካሜራ ያለው ነው። እንዲህ ካለ ካሜራ የሚወጣው የጭረት ብዛት በሰው ዐይን የሚጨረስ አይሆንም። ጭረት የሚያወጣና የሚያያይዝ ሶፍትዌር መሥራት ደግሞ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ጭንቅላት ይጠይቃል እንጂ የዶላር ክምችት አይጠይቅም። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኮምፒውተር ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ አሥረኛውን የሆቴል አስተዳደር ሲስተም ከሚሠራ ይህን ቢሞክር ማን ይጠላል? የእንጦጦዎቹ ቴሌስኮፖች ፎቶም ለየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተማሪያ ክፍት ቢሆን ጥቅሙ ለሁሉም ነው። ውጤቱን ደግሞ በአማርኛም በአውኚኛም ለሕዝቡ መንገር ይቻላል። «ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ከ40 ላይ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያልፈው የስታርሊንክ ረድፍ ነው፣ አትደንግጡ» የሚል አንድ መስመር መልእክት የስንቱን ቤት ሌሊት ያረጋጋል።

ቢወድቅስ?

እዚህ ላይ ሚዛን እንጠብቅ። በጠፈር ስብርባሪ ተመትቶ መሞቱ የተረጋገጠ ሰው እስካሁን የለም። አብዛኛው ሲወርድ አየር ላይ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ከተረፈውም ብዙው ባሕር ላይ ይወድቃል። ግን አልፎ አልፎ መንደር ይደርሳል። በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. አይቮሪ ኮስት ውስጥ ማሁኑ በተባለች መንደር፣ የቻይና ሎንግ ማርች 5ቢ ሮኬት በወረደበት ሰዓት ረጅም የብረት ቱቦ ወድቆ ተገኝቷል። በመጋቢት 2024 ደግሞ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተጣለ ዕቃ ቁራጭ ፍሎሪዳ ላይ የአንድ ቤት ጣሪያ በስቷል።

እንዲህ ያለ ነገር ማሳ ላይ ቢገኝ አይነካም። ታንከር ከሆነ መርዛማ የነዳጅ ቅሪት ሊኖርበት ይችላል፤ ልጆችንና ከብቶችን ማራቅ፣ ከሩቅ ፎቶ ማንሳት፣ ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ማሳወቅ ነው። ለቆራሌው መሸጥማ ጨርሶ አይታሰብ፤ መርዙም አለ፣ ማስረጃውም አብሮ ይሸጣል።

ማስረጃ ያልነው በምክንያት ነው። የ1972ቱ የተጠያቂነት ስምምነት የጠፈር ዕቃ መሬት ላይ ጉዳት ካደረሰ ያስወነጨፈው አገር ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ካሳ እንዲከፍል ይደነግጋል። ኮስሞስ 954 የተባለው የሶቪየት ሳተላይት በ1978 ካናዳ ላይ ራዲዮአክቲቭ ስብርባሪ ሲበትን ካናዳ 6 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ጠይቃ፣ በ1981 የ3 ሚሊዮን ስምምነት ላይ ደርሳለች። ካናዳ የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። የማን እንደሆነ የማያውቅ ግን ማንን ይጠይቃል? «የእገሌ ሮኬት ነው» ለማለት የወደቀበት ሰዓትና የመጣበት አቅጣጫ በመዝገብ ላይ ካለ ምህዋር ጋር መመሳከር አለበት። ያ ደግሞ ከላይ ያልነው ሥራ ነው፦ ፎቶ፣ ሰዓት፣ ቦታ።

ስንጠቀልለው

የጠፈር ጉዳይ ሲነሳ እኛ አገር ወሬው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ «ሳተላይት አመጠቅን» የሚል ፉከራ፣ ወይ «ዳቦ ሳይኖር ጠፈር ምን ያደርጋል» የሚል ምፀት። በሁለቱ መካከል ግን ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ በየቤቱ የሚታይ ሥራ አለ፤ ከራሳችን በላይ የሚያልፈውን በራሳችን ዐይን መመዝገብ። የአፍሪካ ስፔስ ኤጀንሲ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከፍቷል። ነገ አህጉሩ «ማን ምን መረጃ አለው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የበጋ ሌሊቶቹን የቆጠረ አገር የሚያቀርበው ይኖረዋል።

የሚመለከታችሁ የዩኒቨርሲቲና የኢንስቲትዩት ሰዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ሁለት ካሜራና አንድ የማስተማሪያ ፕሮጀክት ብዙ አይደለም። ከጥቅምት በፊት ከተጀመረ በጋው ይበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ሰማዩ ላይ አንድ ነገር ሲነድ የእንጅባራ ሰው «ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ በ«ወይም» ባይጀምር መልካም ነው።

እናንተስ በአካባቢያችሁ ሰማይ ላይ ምን አይታችኋል? ቀኑን፣ ሰዓቱንና አቅጣጫውን ጨምራችሁ ጻፉልን። ያለ ሰዓት ወሬ ነው፤ በሰዓት ሲሆን መረጃ ነው።